ማንግሮቭ በሸዋ ሮቢት፦ ታፔላ ስለሌለው ችግኝ ቤት

ሚስቴ ከማንግሮቭ ፍሬዎቼ ሦስቱን ለአሹቅ ከዘፈዘፈችው ባቄላ ጋር ቀላቀለቻቸው። አልፈርድባትም። ማንም ቢያየው ባቄላ ነው የሚለው። ጠፍጠፍ ያለ፣ አረንጓዴ፣ አንድ ጫፉ ሾል ያለ ነገር ነው። እኔ ራሴ አንዱን ነክሼ ነው የነቃሁት። ይመራል። “አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ዛፍ ነው!” ብላት “ዛፍ ከሆነ ማድቤት ምን ሊሠራ አስቀመጥከው?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ የምጽፈው ሸዋ ሮቢት ስላለ አንድ ችግኝ ቤት ነው። ግን ያለዚህ ታሪክ ችግኝ ቤቱ አይገባችሁም። ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበርኩ። እስከ 1983 ድረስ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ነድቻለሁ። ከደብረ ብርሃን ተነስተን ጣርማ በርን እንወርዳለን። ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ። ከሚሌ ወዲያ እንግዲህ ሙቀቱ ነው። አሰብ ላይ የጭነት ተራ ስንጠብቅ ሦስት አራት ቀን እንቀመጥ ነበር። ማታ ማታ ከከተማው ወጣ ብለን ባሕር ዳር ነፋስ እንቀበላለን። አንድ ቀን ቁጥቋጦ የመሰለ ዛፍ አየሁ። ውሃው ዳር አይደለም፤ ውሃው ውስጥ። ግመሎች እስከ ጉልበታቸው ባሕር ውስጥ ገብተው ቅጠሉን ይቀጥፋሉ። ረዳቴ የመንዝ ልጅ ነበር። “ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ ጨው እየጠጣ ነው የሚኖረው?” አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ከዚያ አሰብም ቀረ፣ ኤንትሬውም ቀረ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ያ ጥያቄ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የእህቴ ልጅ አሁን የጅቡቲ መስመር ይነዳል። ይህን ወሬዬን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየሰማ ነው ያደገው። አምና አንድ ማታ ቤቴ መጣና አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ውስጡ እርጥብ ጨርቅ አለ። “ጋሼ፣ ያ ሲነግሩኝ የኖሩት የባሕር ዛፍ ፍሬ ይኸው። ሞገድ ዳር ላይ ጥሎት አግኝቼ ነው” አለኝ። ቆጠርኩት፤ 17 ነው። ሦስቱ አሹቅ ሆኑ። 14 ቀሩ።

በማግስቱ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ችግኝ ሻጭ ጋ ሄድኩ። “የባሕር ዛፍ ፍሬ አለኝ፤ እንዴት ነው የሚፈላው?” አልኩት።

“አባባ፣ ፍሬ ምን ያደርግልዎታል?” አለኝ ልጁ። “ይኸው የደረሰ ችግኝ። ባሕር ዛፍ እኮ ተክሎ መርሳት ነው።”

ላስረዳው ሞከርኩ። ይሄ ባሕር ውስጥ የሚበቅል ነው አልኩት። “አዎ፣ ባሕር ዛፍ” አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና “አዎ” አለኝ። ዐሥር ባሕር ዛፍ ገዝቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ልጁም አልተሳሳተም፤ ያጣላን ስሙ ነው። ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ያን ስም አገኘ። ባሕር ውስጥ ቆሞ የሚኖረው ሲመጣ ስሙ ተይዟል። ማንግሮቭ እንበለው እንግዲህ። ቀይ ባሕር ዳር ያሉ ዓረቦች ሹራ ይሉታል፤ ለአፍ ይቀላል።

በራሴ ጀመርኩ። አዘራሬ እንደ ባቄላ ነው፤ ባልዲ ውስጥ በጣቴ እየበሳሁ ወደ ታች ቀበርኩት። አፈሩን ያመጣሁት ከጓሮዬ ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ እሱን ተዉት። አምስቱ ሽታ ብቻ ሆኑ። ዘጠኙ እንደምንም ሁለት ሁለት ቅጠል አወጡና እስከ ኅዳር ጎተቱ። የደብረ ብርሃንን ኅዳር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። አንድ ሌሊት ባልዲውን በረንዳ ላይ ረሳሁት። ሲነጋ አራቱ ውርጭ እንደመታው ድንች ጠቁረው፣ ተኮማትረው አገኘኋቸው። ሰው እንደሞተበት ተቀመጥኩ። ሚስቴ ምንም ሳትናገር ቡና አፈላች።

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የሚያመጣ ነጋዴ ጎረቤት አለኝ። ቡናው ላይ ነበር። “ጋሼ፣ እዚያ አንዲት ሴት አለች። ደረቅ እንጨት ቢሰጧት ታበቅላለች” አለኝ። የነጋዴ አፍ ነው ብዬ ግማሹን ቀነስኩለት። ግን ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

አምስቱን የቀሩትን ከነባልዲያቸው በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ለባልዲው የሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። ከፈልኩና መስኮት ዳር አስቀመጥኩት። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ጉም ነበር። ድሮ ይህን ቁልቁለት በማርሽ ይዤ፣ ፍሬኑ እየሸተተኝ ነበር የምወርደው። ዐይኔን ከመንገዱ አንስቼ አላውቅም። አሁን ተሳፋሪ ሆኜ ገደሉን፣ ጫካውን፣ ሁሉንም እንደ እንግዳ እያየሁ ወረድኩ። ደብረ ሲና ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ የባልዲውንም ብርድ ልብስ ገፈፍኩለት። 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ጠዋት ከውርጭ ወደ ፓፓያ።

ችግኝ ቤቱ ስም የለውም። ታፔላም የለውም። ከሮቢ ወንዝ ድልድይ አለፍ ብላችሁ በኮረኮንቹ ትገባላችሁ። የማሾ ማሳ ታገኛላችሁ። ከዚያ እንጨት ቆጥ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሮቶ ይታያችኋል። እሱ ነው። አዲስ ሰው ሁለቴ ሳያልፈው አይቀርም። እኔ ሦስቴ አልፌዋለሁ። ይህን ነግሬያታለሁ፤ “የፈለገኝ ያገኘኛል” ነው መልሷ። ለንግድ እንዲህ አይሆንም።

ግቢው ሲገቡበት ግን ሌላ ነው። ችግኙ በመደብ በመደብ ተደርድሯል፤ በላዩ የሣር ዳስ አለ። ፓፓያ፣ ሎሚ፣ የተዳቀለ ማንጎ፣ ኒም፣ ሽፈራው። በየመደቡ ራስ የቆርቆሮ ቁራጭ ተሰክቶ የተዘራበት ቀን ተጽፎበታል። ፖሊቲኑን አንስቼ ታቹን አየሁ። ሥሩ ቀዶ አልወጣም፣ አልተጠማዘዘም። ችግኝ ስትገዙ ታቹን እዩ፤ ላይ ላዩን ቅጠሉን እያያችሁ አትሸወዱ። ሥሩ ፖሊቲኑ ውስጥ የተጠማዘዘ ችግኝ መሬት ላይም ወርዶ እንደተጠማዘዘ ነው የሚቀረው።

ተራ ስጠብቅ አንድ ከመንዝ የመጣ ሰው ሃያ ማንጎ ሊገዛ ቆሟል። ገንዘቡን በእጁ ይዟል።

“መንዝ የት?” አለችው።

“መሐል ሜዳ።”

“አልሸጥልዎትም። ውርጭ ይበላዋል። አፕል ይሞክሩ፤ እሱም እኔ ጋ የለም።”

ሰውየው ተናደደ። ከዚህ ድረስ መጥቼ፣ የከፈልኩት እኔ፣ የሚበላው የእኔ ማንጎ፣ ምን አገባሽ አላት። እሷ ውሃ ማጠጣቷን ቀጠለች። እኔ ባልዲዬን አቅፌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ማንጎ አልሸጥም ያለች ሴት ለእኔ አምስት ቡቃያ ብላ አትዋሽም።

ተራዬ ደረሰ። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ገለበጠች። ፊቱ አረንጓዴ ነው፣ ጀርባው አመድማ። “ማንግሮቭ!” አለች። በሥዕል እንጂ በአካል አይታው አታውቅም። እርሻ የተማረች ናት፤ ድሮ ዲኤ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ነበረች። በጣም ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። “ጋሼ፣ ከየት አመጡት?”

ሳልዋሽ ነገርኳት። “ኳራንቲን የሚባል ነገር አለ እኮ” አለችኝ። “ዘር ከውጭ ያለ ፈቃድ አይገባም። በሽታ ሊኖርበት ይችላል፣ ተባይ ሊኖርበት ይችላል።” አሥራ ምናምን ፍሬ ምን ያደርጋል ልል ስል አፋርን ጠራችልኝ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍም በረሃውን ያለምልማል ተብሎ ነው የገባው። ዛሬ ግጦሹን ውጦታል፤ እሾሁ ከብቱን አላስገባ ብሏል። እኔ ያን መንገድ ስነዳ ኖሬያለሁ። ምን ብዬ ልከራከር? እናንተም እንዳትሞክሩት ነው ጥፋቴን ሳልደብቅ የምጽፈው።

ውል ገባን። ሌላ ፍሬ አላስመጣም። ችግኞቹ ከመስኖ ቦዩ ርቀው በርሜል ውስጥ ብቻ ይቀመጣሉ። ውሃቸው ወደ ቦይ አይደፋም። ለማንም አይሸጡም። “ለንግድ ካሰቡት አሁኑኑ ይዘውት ይመለሱ” አለችኝ። ማሳደጊያ በወር 150 ብር ተስማማን። በርሜሉን እኔ ገዛሁ፤ ሰማያዊ ፕላስቲክ ሆኖ ለሁለት የተሰነጠቀ።

ስሙንም ከእሷ ነው የሰማሁት። የኛው ዓይነት በሳይንስ ስሙ አቪሴኒያ ማሪና ይባላል። አቪሴኒያ ያሉት በኢብን ሲና ስም ነው፤ በጥንቱ ሐኪም። ፈረንጆቹ አቪሴና ይሉታል። እኔ እንግዲህ ባልዲዬን ይዤ በደብረ ሲና በኩል ነው የመጣሁት። የደብረ ሲናው ሲና ሌላ ነው፣ ተራራው ነው፤ አውቃለሁ። ግን መንገዱን ሙሉ ስመለስ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ከዚያ ስህተቴን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። የማንግሮቭ ፍሬ አይቀበርም። እናቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ውስጡ በቅሎ ነው የሚወድቀው። ውሃ ውስጥ ሲቆይ በሁለት በሦስት ቀን ቀጭን ቅርፊቱን ይጥላል። ከዚያ ጭቃ ላይ ጋደም ማድረግ ብቻ ነው፤ ሥሩን ራሱ ይሰዳል። ያን ስትለኝ የቀበርኳቸው አምስቱ ታወሱኝ። በሕይወት እያሉ ነው የቀበርኳቸው። ደግሞ ስንዴ ጎተራ እንደሚከርመው አይከርምም። ከደረቀ አለቀ። የእህቴ ልጅ እርጥብ ጨርቅ ባይጠቀም ኖሮ እዚህም አንደርስም ነበር።

ጨውስ? እኔ ዛፉ ጨው ይወዳል ብዬ ነበር። “አይወድም፤ ይችለዋል” አለችኝ። ያ የመንዙ ልጅ ጥያቄ ከስንት ዓመት በኋላ በሁለት ቃል ተመለሰ።

የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። እሷ ለቡቃያ ከግማሽ በታች ነው የምትሰጠው፤ በሊትር 15 ግራም ገደማ፣ ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ጨው እሑድ ከሰንበቴ ገበያ የሚመጣው የአፍዴራ ነው። ግን ጨው ብቻውን ባሕር አይሆንም። ባሕር ውስጥ ማግኒዥየምም፣ ካልሲየምም፣ ፖታሲየምም አለ። ለዚህ ነው ጭቃውን በወንዝ ደለል የምታበዛው።

ትልቁ ዘዴዋ ቀይ መስመር ነው። በርሜሉ ላይ በቀለም መስመር አስምራለች። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ውሃው በቀን በቀን ይጎድላል። የሚተነው ግን ውሃው ነው፤ ጨው የትም አይሄድም። ስለዚህ የጎደለውን እስከ መስመሩ የምትሞላው በንጹሕ ውሃ ነው። በጨው ውሃ ከሞሉት ጨው በጨው ላይ ይደራረብና ከባሕር የባሰ ይሆናል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ደግሞ ባሕር አንድ ቦታ አይቆምም። ይሞላል፣ ይሸሻል። ሲሸሽ ሥሩ አየር ያገኛል። እሷ ባሕሩን በጆግ ትሠራዋለች። ጠዋት ግማሹን ውሃ ቀድታ ባልዲ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ማታ ትመልሰዋለች። ለአምስት ቡቃያ! የራሷ ልጅ “እማዬ ባሕር ልትሠራ ሄደች” እያለ ይቀልድባታል።

ማዳበሪያው ላይ ደግሞ ታሪክ አለ። ጎርደን ሳቶ የሚባል ትውልደ ጃፓን አሜሪካዊ የሕዋስ ተመራማሪ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች ስታግዝ እሱም ከቤተሰቡ ጋር ማንዛናር በሚባል በረሃ ካምፕ ገብቶ ነበር። በስተርጅናው ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ መጥቶ ማንግሮቭ ተከለ። ሥራውንም ማንዛናር ብሎ ሰየመው። የታዘበው ይህን ነው፦ ማንግሮቮቹ ያሉት ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ ወደ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ጎርፉ ጨዉን ስለሚያቀጥንላቸው ነው ይባል ነበር። እሱ ግን አይደለም፣ ጎርፉ ከየብስ ይዞት የሚመጣው ምግብ ነው አለ። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ብረት። ስለዚህ ዩሪያና ዳፕ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ ከረጢቱን በትንሹ በስቶ፣ ሥሩ ጋ ቀበረው። ብረትም ጨመረ። በቀለለት። ቅጠሉን ለበግና ለፍየል አበሉት። ሰውየው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው።

ዩሪያና ዳፕ ለሰሜን ሸዋ ሰው አይነገርም። እሷ በፌስታል ቁራጭ ቁንጥር ቁንጥር አድርጋ ቋጠረች፣ በመርፌ ሁለት ቦታ ወጋችው፣ ከዛገ ምስማር ጋር ጭቃው ውስጥ ከተተችው። አንድም ትርፍ ሳንቲም አላስከፈለችኝም። በወሩ ስሄድ አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው ሰፋ ብሎ ነበር።

በሦስተኛው ወር የሆነው ግን አናዶኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ልጅ ይረዳታል። እሷ ለቅሶ ሄዳ ሁለት ቀን አልነበረችም። ልጁ ውሃው ሲጎድልበት የባሕር ዛፍ አይደል ብሎ፣ ጨው በጥብጦ እስከ ቀዩ መስመር ሞላው። በማግስቱም ደገመው። አንዱ ሞተ። አንዱ ቅጠሉን በሙሉ አረገፈ። እኔ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ፣ ራሴ ስሄድ ነው። ስልክ ደውዬላት ነበር፤ አታነሳም። ይሄ የቤቱ ትልቁ ጉድለት ነው። እሷ ካለች ሁሉ አለ፣ እሷ ከሌለች ምንም የለም። መስመሩን አስምራለች፤ ለምን እንደተሰመረ ግን ለልጁ አልነገረችውም።

ጥፋቷን አልሸሸችም። ደብተሯን አውጥታ አሳየችኝ። የእያንዳንዱ ቡቃያ ቀን፣ ቁመት፣ የቅጠል ቁጥር ተጽፏል፤ የሞተውም ከነምክንያቱ። “የእኔ ስህተት” ብላ ጽፋበታለች፤ ልጁን አልጻፈችም። የዚያን ወር ሂሳብ አልቀበልም አለች። በግድ ልሰጣት ብል አጠፌታ ፓፓያ ሰጠችኝ፣ ለደብረ ብርሃን የማይሆን። ሁለታችንም ሳቅን።

ያ ደብተር ትንሽ አሳፍሮኛል። እኔም ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ ከቀበሌው ሰው ጋር ወጥቼ ለአረንጓዴ አሻራ ተክያለሁ። አንዷን አሳየን ብትሉኝ የት እንዳለች አላውቅም። እሷ ለዚህ ነገር ሌላ ምሳሌ ነበራት። ከ2004ቱ የእስያ ሱናሚ በኋላ፣ እዚያም አቆጣጠሩ የእነሱ ነው፣ ማንግሮቭ ሞገድን ያበርዳል ተብሎ በስሪላንካ ዳርቻ ብዙ ተተከለ። አብዛኛው አልጸደቀም። የተተከለው ውሃው በማይመቸው ቦታ ነበር፤ ተመልሶ ያየውም ጥቂት ነው። ቦታው ከተመቸው ግን ማንግሮቭ የሰው እጅም አይፈልግም። ፍሬው ይንሳፈፋል፣ ራሱ ይተክላል። ካልቆረጡትና ግመል ካልጨረሰው ይበቃዋል። እኔ ይህን ስትለኝ ያሰብኩት የመንዝን የጓሳ ሣር ምድር ነው። መንዞች ጓሳውን አልተከሉትም። ቄሮ በሚሉት የጥንት የጥበቃ ሥርዓታቸው ዘግተው፣ በጊዜው ከፍተው፣ ለዘመናት ጠበቁት እንጂ።

አሁን ዓመት አልፏል። አራት ናቸው። ያ ቅጠሉን ያረገፈው እንደገና አቆጥቁጧል። ትልቁ ከጉልበቴ በላይ ደርሷል። ባለፈው ወር ስሄድ አንድ ነገር አሳየችኝ። ከጭቃው ውስጥ እርሳስ የመሰለ ነገር፣ ጫፉ ብቻ፣ ወደ ላይ ብቅ ብሏል። ሥር ነው። ወደ ላይ የሚያድግ ሥር። አየር የሚስበው በእሱ ነው። አሰብ ላይ እንዲህ ያለውን በባዶ እግሬ ረግጬ ደምቼ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ የተቆረጠ ጉቶ መስሎኝ ነበር።

ቅጠሉ ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት አለ። ጨው ነው። የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ያወጣዋል። እሷ ዞር ስትል አንዱን ቅጠል ላስኩት። ስትመለስ አየችኝና “ጋሼ፣ ግመል ሆኑ እንዴ?” አለችኝ።

ለማን ይሆናል ይሄ ችግኝ ቤት? ለቆላ ፍራፍሬ ፈላጊ በጣም ጥሩ ነው። ፓፓያው 30 ብር፣ የተዳቀለው ማንጎ 150 ብር ነበር ባለፈው ስሄድ። ከሌላው ትንሽ ይወደዳል፤ የምትከፍሉት ግን ለሥሩ ነው። ለደጋ ሰው የሚሆን ብዙ የለም፤ እሷም አትሸጥላችሁም። ሃምሳና መቶ በአንድ ጊዜ ለሚፈልግ ቀድሞ ማዘዝ ይሻላል። ዋጋ አትቀንስም፤ አትድከሙ። ፖሊቲኑን ብትመልሱላት ደስ ይላታል። ማንግሮቭ እንዳትጠይቋት፤ ሁለት ሰው ጠይቋት ሁለቱንም መልሳቸዋለች።

አንድ ያልፈታነው ነገር አለ። በርሜሉ ሊጠብባቸው ነው። ደብረ ብርሃን ማምጣት አይቻልም፤ ውርጩ እዚያው አለ። ጅቡቲ ልመልሰው ብል ደግሞ ያው ኳራንቲን ነው። ባለፈው ጠይቃኝ ነበር፤ “ምን ሊያደርጉት ነው ጋሼ?” እኔ የአንድ ተጨማሪ በርሜል ዋጋ ጠየቅኋት።

ሚስቴ እስካሁን አላየችውም። በሚቀጥለው እሑድ እንሄዳለን ብላለች፤ በዚያውም ሰንበቴ ገበያ። እናንተ ግን ቅዳሜ ከሄዳችሁ ልጁ ነው ያለው። ውሃ ሲያጠጣ ካያችሁት ጨው እንዳይጨምር ንገሩልኝ።